ለጫካ መንገድ የሚሆን ሞተር

አንዳንድ ሰው ሕይወቱ የተለወጠበትን ቀን ሲጠየቅ ሠርጉን ይጠራል፤ ሌላው ልጁ የተወለደበትን። እኔ የምጠራው መርካቶ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ስመርጥ የዋልኩበትን ቀን ነው። ሳቁ ግድ የለም። እኔም ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ፤ ያን ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ስሜ ዘይነባ ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው መርካቶ የከተሙ ናቸው፤ እኔም ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው። የጤና ረዳትነት ተምሬ ስጨርስ ኢሉባቦር፣ ጫካ መሐል ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ደረሰችኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ተመደብሽ ከተባልሽ መሄድ ነው። አልቅሼ ሄድኩ። ዓመት ሳይሞላኝ ግን አገሩንም ሕዝቡንም ወደድኩት።

ችግሩ መንገዱ ነበር። መንደሮቹ በቡናው ጫካ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዤ በእግሬ እወጣለሁ፤ ሩቆቹ መንደሮች ስደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ፣ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈው እያዩኝ «ዛሬ አይሆንም» ብዬ እመለሳለሁ። አንድ ክረምት ኩፍኝ ገባና ከአንድ ቤት ሁለት ልጆች ወሰደ። እናታቸውን ሁለት ጊዜ ከሰልፍ የመለስኳት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

አብሮኝ የሚሠራ ታደለ የሚባል ባልደረባዬ ሞተር ነበረው። በኳስ ሜዳው ላይ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ቆይቶም ጫካው ውስጥ ይዞኝ ገባ፤ ጭቃ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ። እሱ ሲዛወር ሞተሩም አብሮ ሄደ። አለቃዬን ብጠይቅ «የራስሽን ከገዛሽ ቤንዚን እንሰጥሻለን» አለኝ። ደመወዜን አጠራቀምኩ፤ የወርቅ ሐብሌን ሸጥኩ፤ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አዲስ አበባ ገባሁ።

ቤታችን እናቴና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነበሩ። አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘው ሰይድ ነው፤ መርካቶ ውስጥ የብትን ጨርቅ ሱቅ አለው። ጋሼ ነው የምለው። ከእሱ በታች ጀማል የሚባል ወንድም ነበረን። ጀማልን አንድ ቀን ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የት እንደደረሰም የነገረን የለም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነው የምትቀመጠው።

ሞተር ልገዛ እንደመጣሁ ስናገር ቤቱ ይገለበጣል ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ጥቂት አሰበና «እኔ አፈላልግልሻለሁ፤ ደላላም አውቃለሁ» አለ። ደስ ብሎኝ ትከሻውን ሳምኩት።

«ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

«ከመሬት ከፍ ያለ፤ ድንጋይ ሆዱን እንዳይመታው። ጎማው ጥርስ ያለው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ወደ ላይ የተሰቀለ፤ ወንዝ ስሻገር ውሃ እንዳይገባበት። ደግሞ ብወድቅ ብቻዬን የማነሳው።»

አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። አንዱንም ሳይረሳ ይዞት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸምሱ ከሚባል ደላላ ጋር ወጣን። ሸምሱ አፉ የማያርፍ፣ መንገድ ላይ ሰላም የማይለው ሰው የሌለ ነበር። መጀመሪያ አብነት አካባቢ አንድ ጋራዥ ወሰደን። ቀይ ሞተር ነው፤ ቁመቱ ደህና ነው። ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን በእጄ ስነካው ግን ይሞቃል።

«ቅድም አስነስታችሁታል፤ ቀዝቅዞ አይነሳም ማለት ነው» አልኩ።

«እንዲያው ለማሟሟቅ ነው» አለ ሻጩ። ሲያስነሳው ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ብርክክ ብዬ ከመሪው ሥር ጣቴን ሰደድኩ። አንድ ቦታ ላይ ጎርበጥ አለኝ።

«ይሄ ተሰብሮ የተበየደ ነው።»

ሸምሱ «ብየዳ እኮ ከፋብሪካው ይበልጥ ይጠነክራል፣ እህቴ!» አለ።

«ድንጋይ ላይ ስዘል መሪው በእጄ ቢቀር አንተ ትመጣልኛለህ?»

ሦስተኛው ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ የአስፋልት ሞተር ነበር። አስተኝተው እንዲሰጡኝ ጠየቅኩና ላነሳው ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። እዚያ የነበሩት ወንዶች ሳቁ። አንደኛው «ለሴት ልጅ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሻላት» አለ።

«እናትህ ስትወልድህ ያዋለደቻት ሴት በእግሯ መጥታ ስለዘገየች ነው እንዲህ ዘግይተህ የምታስበው» አልኩት። የእሱ ጓደኞች ናቸው ከሁሉ በላይ የሳቁት።

ከዚያ ሸምሱ እጁን አራገፈ። «አለቀ። አዲስ አበባን ብታገላብጪያት የምትይው ዓይነት የለም።»

ጋሼም ቀበል አደረገና «እንግዲህ ሞከርን። አላህ አላለውም። ለምን እዚሁ አትዛወሪም? የማነጋግረው ሰው አለኝ» አለ።

ንግግሩ ቀድሞ የተዘጋጀ መሰለኝ። ሆኖም ደክሞኝ ስለነበር ተከተልኩት። ወደ ቤት ለመመለስ በጭድ ተራ በኩል ስናቋርጥ ነው ነገሩ የመጣው። ጭድ የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውት ቆመናል። በግራዬ በኩል በሩ የተከፈተ አንድ ግቢ አለ። ዘወር ስል ከሸራ ሥር የወጣ የፊት ጎማ አየሁ፤ ጥርሱ ያልተበላ፣ ጭቃ መከላከያው ከጎማው በጣም ከፍ ብሎ የተሰቀለ። የምፈልገው ዓይነት ነው።

ጋሼ ክንዴን ያዘ። «እዚያ የለም፤ ነይ እንሂድ።»

«ምን የለም? እየታየኝ!»

እጄን አስለቅቄ ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር የሚባሉ ጎልማሳ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ፤ አሮጌ ዕቃ ነው የሚነግዱት። ሰላም ብዬ ሞተሩ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የቆመውን ወንድሜን አዩት።

«ተሽጧል» አሉ ቀስ ብለው።

«ለማን?»

 ሸምሱ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ጋሽ ሽኩር ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት።

«ሰይድ፣ እኔ ይህን አልችልም» አሉ። «ትናንት መጥተህ ‹እህቴ ከመጣች የለም በሏት› ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓይኗን እያየሁ አልዋሽም። ልጄ፣ ሞተሩ አልተሸጠም።»

ገባኝ። ጠዋቱን ሙሉ የዞርነው ብልሹ ብልሹው ተመርጦልኝ ነው። የምፈልገውን ዓይነት አንድ በአንድ የጠየቀኝም የት የትኛውን እንደሚያስደብቅ ለማወቅ ነው።

«ጋሼ፣ ለምን?» አልኩት።

«ለምን ትያለሽ? እዚያ ጫካ ውስጥ ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ያገኝሻል? እማዬ ከጀማል በኋላ ሌላ ልጅ ለማጣት አቅም አላት?»

«ጀማል ከጫካ ነው የተወሰደው? ሞተር ሲነዳ ነው የተወሰደው? ከአልጋው ላይ ነው ያወጡት፣ ጋሼ! ቤቱ ተኝቶ!»

በሩ ላይ ዋጋ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። አህያ ሲያራግፍ የነበረ ሰው ያልሰማ መስሎ ፊቱን አዞረ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይባልም ነበር። ጋሽ ሽኩር «ልጄ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» አሉኝ። ዝቅ አደረግኩ፤ ግን ከግቢው አልወጣሁም።

«ሸራውን ይግለጡልኝ» አልኩ።

ገለጡት። ቀለሙ ለቋል፤ መቀመጫው ተቀዷል። ሞተሩን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። መሪው ሥር በጣቴ አሰስኩ፤ ብየዳ የለም። መሬት ላይ አስተኝቼ በሁለት እጄ አነሳሁት፤ ተነሳልኝ። ጉድለቱንም አልደበቅኩም። «የፊት ሞላው ዘይት ያንጠባጥባል። ካቴናው ላልቷል። የኋላ ጎማውን ከወጠሩት ሽቦዎች ሁለት ራጂ ጎድሏል» አልኩ። ጋሽ ሽኩር «ልክ ነሽ» አሉ። ቤንዚን በጠርሙስ አምጥተው ጨመሩበት። ሁለቴ ረገጥኩት፤ ዝም። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቤንዚኑ ቧንቧ ዝግ ነው። ከፈትኩና እንደገና ረገጥኩት። ተነሳ፤ ጭሱም ንጹሕ ነበር።

«ዳገትና ጭቃ ላይ ልሞክረው» አልኩ።

«ያለ ዋስ ከግቢዬ አይወጣም» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ወንድምሽ ዋስ ይሁንሽ።»

«አልሆንም» አለ ጋሼ።

«እንግዲያው ከኋላዋ ተቀመጥ። ይዛው ብትጠፋ አንተም አብረህ ትጠፋለህ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ጭድ ሻጭ «ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» ስትለው ጋሼ ኮቱን ቆልፎ ከኋላዬ ወጣ። እኔን እንዳይነካ የመቀመጫውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ነበር፤ ሻሼን አጠበቅኩና ነዳሁ። በአውቶቡስ ተራ አልፈን፣ በጳውሎስ በኩል ወደ ላይ ወጣንና የእንጦጦን የባሕር ዛፍ ጫካ ጀመርነው።

ሞተሩ መንገዱን የሚያውቀው ይመስል ነበር። የዛፉን ሥርም ድንጋዩንም ሳይደናቀፍ ይወጣል። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ያጨቀየው አንድ ዳገት ላይ ግን የኋላ ጎማ ከዳኝና ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ ተዘረርን።

«አየሽ!» ብሎ ጮኸ ጋሼ ከወደቀበት።

ተነሳሁ፤ ሞተሩን ብቻዬን አቁሜ «አየህ!» አልኩት።

አልሳቀም። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እኔን ሳያይ፣ «ጀማልን ሊወስዱ ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ» አለ። «ሲያንኳኩ ተነስቼ ከፈትኩ። ማን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ሲያወጡትም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

ይህን ያህል ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አላወቅኩም ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ባትከፍትላቸውም ይሰብሩት ነበር» አልኩት። 

ገና ከተቀመጥንበት ሳንነሳ ነው ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግበው ከዛፎቹ መሐል ብቅ ያሉት።

«እጅ ወደ ላይ! ሞተሩ የማነው?»

ይዘውን ቀበሌ ወረድን። ሊቀመንበሩ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያሉት የበለጠ ያስፈራሉ። የሥራ መታወቂያዬን አገላብጦ አየው።

«ኢሉባቦር የምትሠራ የጤና ረዳት እዚህ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች? ወረቀት ትበትናላችሁ?»

«ሞተር እየመረጥኩ ነው።»

«ሞተር ጫካ ውስጥ ነው የሚመረጠው?»

«ጫካ ውስጥ የሚነዳ ሞተር ጫካ ውስጥ ነው የሚመረጠው፣ ጓድ ሊቀመንበር። መርካቶ ውስጥማ ሁሉም ያምራል።»

ጋሼ እግሬን በእግሩ ነካኝ።  እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ዓይኔን ከሊቀመንበሩ ላይ አላነሳሁም።

ሊቀመንበሩ አሰበ። «የሞተሩ ባለቤት ሊብሬውን ይዞ ይምጣ። አንቺ እዚህ ትቆያለሽ። አንተ ሂድና አምጣው። ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ካልመጣችሁ ለከፍተኛ እናስተላልፋታለን።»

ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛ ተላልፎ የተመለሰ ሰው እንዳለ ጋሼም እኔም አናውቅም ነበር።

ጋሼ ተነሳ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። «እኔ እቆያለሁ» አለ። «እሷ ትሂድ።»

«አንተ ሂድ ተብለሃል።»

«እኔ በእግሬ መርካቶ ደርሼ እስክመለስ ትዘጋላችሁ። ሞተሩን መንዳት የምትችለው እሷ ናት። ሞተሩን ይዛ ትሂድ።»

ጥበቃው ሳቀ። «የተያዘውን ሞተር?»

«ሰው ይዛችሁ ብረት ትፈልጋላችሁ?» አለ ጋሼ። ድምፁ ወጣ፤ በሰው ፊት ያን ያህል ከፍ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «እኔ ሰይድ ነኝ፤ መርካቶ ሱቅ አለኝ፤ እናት አለችኝ። የእህቴ ዋስ እኔ ነኝ። ካልተመለሰች እኔን ለፈለጋችሁት አስተላልፉኝ።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ፍጠኝ» አለኝ። ስወጣ ጋሼን ቀበቶውንና ጫማውን ሲያስፈቱት አየሁ።

እንዴት እንደነዳሁ አልነግራችሁም፤ እኔም በደንብ አላስታውሰውም። ካፊያ ጀምሯል። ቁልቁለቱን ስጨርስ ሞተሩ ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ቤንዚኑ ሊያልቅ ነው። ቧንቧውን ወደ መጠባበቂያው አዞርኩት። አውቶቡስ ተራ ላይ ሰው ከፊቴ እየተበተነ ይሰድበኛል፤ እኔ የማስበው ስለዚያ ጫማ ብቻ ነው። ጀማልም በባዶ እግሩ ነበር የወጣው።

ጋሽ ሽኩር ግቢያቸውን ሊዘጉ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሳይጠራ በገዛ እግሩ ቀበሌ የሚሄድ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም። አልፈረድኩባቸውም። ግን «ወንድሜ በእርስዎ ሞተር ነው የተያዘው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ገብተው ሊብሬውን አመጡ፤ ትንሽ ቤንዚንም ጨመሩና ከኋላዬ ወጡ። ወገቤን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ ቀበሌው ደጃፍ ዱዓ አላቋረጡም።

ስንደርስ ሊቀመንበሩ የቢሮውን መስኮት እየዘጋ ነበር። ሊብሬውን ከሰሌዳው ጋር አስተያየው፤ ጋሽ ሽኩርን ጥያቄ ጠየቃቸው፤ እንደገና አስተያየው። ጋሼ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ በካልሲ ተቀምጧል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «ውሰዱት» አለ፤ ሰውዬውን ይሁን ሞተሩን አልገባኝም፤ ሁለቱንም ወሰድን።

አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሰው አይወጣም። እየገፋነው በእግራችን ወረድን። ጥቂት እንደሄድን ጋሼ «እና ጋሽ ሽኩር፣ የመጨረሻው ዋጋ?» አለ።

«አሁን ነው እንዴ የምንጨቃጨቀው?» አሉ እሳቸው።

«ካቴናው ላልቷል። ሞላው ዘይት ያፈሳል። ሁለት ራጂ ጎድሏል። እህቴ ነግራዎታለች!»

ከጳውሎስ እስከ ጭድ ተራ ተከራክረው ዋጋው ላይ ተስማሙ። እኔ መሪውን ይዤ አለቅስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርናት። ልንደብቃት አስበን ነበር፤ ጋሼ ነው እምቢ ያለው።  ሰምታ ስትጨርስ ተነስታ ግቢ የቆመውን ሞተር ዞራ አየችው። «መቀመጫው ተቀዷል፤ ልስፋልሽ» አለች።

በሞተሩ አራት ዓመት ሠራሁበት። የቤተሰቤ ፍርሃት ባዶ አልነበረም፤ ይህንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወድቄ ትከሻዬ ተሰበረ፤ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አወጡኝ። ጋሼ መንገዱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጨናንቆ መጣ። «ብዬሽ ነበር» ይላል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ «ሞተሩስ?» አለኝ።

«መሪው ተጣሟል።»

«ገምቼ ነበር፤ መሪ ይዤ መጥቻለሁ» አለ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ከሻንጣው አወጣ።

እንግዲህ ያ ሞተር የመረጥኩበት ቀን ምን እንደለወጠልኝ ትጠይቁኝ ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚወደኝ ሰው እምቢ ሲለኝ ወይ መታዘዝ ወይ መጣላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጋሼን አልታዘዝኩትም፤ አልተጣላሁትምም። ያን ጊዜ ፈሪ ያልነበረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጋሼም ጋሽ ሽኩርም ፈርተን ነበር። ፈርተንም ሄድን። እናንተም አንድ ቀን የምትፈልጉት ነገር ፊታችሁ ቆሞ፣ የምታምኑት ሰው «የለም» ቢላችሁ፣ ዓይናችሁን እመኑ። ማልቀስ ካሻችሁ አልቅሱ። ግን ከደጃፉ አትመለሱ።